በበረሃ ስሎት ካንየን ከጋይድ ጋር ለሚውሉበት ቀን እንዴት ይዘጋጃሉ?

የደቡብ ዩታና የሰሜን አሪዞና ምድር ከሩቅ ሲታይ ገላጣ ቀይ ድንጋይ ነው። ጠጋ ሲሉ ግን ጎርፍ በአሸዋና በጠጠር እየሞረደ የከፈተው ስንጥቅ ያገኛሉ። አንዳንዱ ቦታ አንድ ክንድ አይሰፋም፣ ጥልቀቱ ግን ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ይውጣል። ስሎት ካንየን የሚባለው እሱ ነው። እዚያ ውስጥ በገመድ እየወረዱ፣ በጀርባና በእግር ግድግዳውን እየገፉ፣ ኩሬ ሲያጋጥም እየዋኙ ማለፍ ካንየኒሪንግ ይባላል።

ጋይድ ሲቀጥሩ ብዙ ሸክም ይቀልልዎታል። ገመዱን፣ ሃርነሱን (ወገብና ጭን ላይ የሚታጠቁትን ማሰሪያ)፣ ሄልሜቱንና ፈቃዱን እሱ ያመጣል፣ መንገዱንም ያውቃል። ሦስት ነገር ግን ሊያመጣልዎት አይችልም፦ እግርዎን የለመደ ጫማ፣ ለቀኑ የተዘጋጀ ጉልበት፣ ስለ ራስዎ የሚናገሩት እውነት። ይህ መመሪያ በአብዛኛው የሚያተኩረው በእነዚህ ላይ ነው።

1. ገደሉን በፎቶው ሳይሆን በደረጃው ይምረጡ

አሜሪካ ውስጥ ካንየኖች በቁጥርና በፊደል ይመዘናሉ። የመጀመሪያው ቁጥር ከ1 እስከ 4 ነው። 1 በእግር የሚታለፍ፣ 2 እጅ የሚያስፈልገው መውጣት መውረድ ያለበት፣ 3 በገመድ መውረድ የግድ የሆነበት፣ 4 ደግሞ ገመዱም መውጫውም የተወሳሰበ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል ስለ ውሃ ይናገራል። «ኤ» ደረቅ ወይም ቢበዛ በእግር የሚሻገሩት ውሃ፣ «ቢ» የሚዋኙበት የቆመ ውሃ፣ «ሲ» የሚፈስ ውሃ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው የሮማውያን ቁጥር ጊዜውን ያሳያል፤ አንድ ለጥቂት ሰዓት፣ ሦስት ለቀኑ አብዛኛው ክፍል፣ ስድስት ለሁለት ሙሉ ቀንና ከዚያ በላይ። ከዚህ ሁሉ ኋላ «አር» ወይም «ኤክስ» ከተጨመረ ተራ ስህተት ከባድ ጉዳት ወይም ሞት የሚያመጣበት ቦታ ነው ማለት ነው። ለመጀመሪያ ቀን 3ኤ ወይም ቀለል ያለ 3ቢ ይበቃል።

ከደረጃው ሌላ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ «በጣም ጠባቡ ቦታ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው?» ኤስካላንቴ አጠገብ ያለው ስፑኪ የሚባለው ገደል ገመድ ባይጠይቅም አንዳንድ ቦታው ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ይጠብባል። ደረትዎን በጎን በኩል ለክተው ቢያውቁት ይጠቅማል። ሆድ ይታመቃል፣ የደረት አጥንት ግን አይታመቅም። ሞአብ አካባቢ ያሉት የጀማሪ ጉዞዎች በአንጻሩ ሰፋ ይላሉ፤ ሜዲቫል ቻምበር ከሚባለው ተነስቶ ሞርኒንግ ግሎሪ ከተባለው የድንጋይ ድልድይ ሥር በገመድ የሚወርደው መንገድ ለጀማሪ ከሚመረጡት አንዱ ነው።

ሰው የሚሳሳትበት ነገር ደግሞ ይኸውና፦ በዛየን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ገመድ በሚጠይቁ ገደሎች ደንበኛን በክፍያ መምራት ክልክል ነው። ድርጅቶቹ የሚሠሩት ከፓርኩ ውጭ፣ በግል መሬት ወይም ቢኤልኤም በሚባለው የፌዴራል መሬት አስተዳደር ቢሮ ይዞታ ላይ ነው፤ በቢኤልኤም መሬት ላይ ለንግድ ለመሥራት ደግሞ ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ «ፓርኩ ውስጥ ያለውን ገደል በገመድ አወርድዎታለሁ» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ይተዉት። ፈቃድ እንዳለው መጠየቅም ነውር አይደለም፤ ደህናው ድርጅት ሳይከፋው ያሳይዎታል።

2. ወቅቱና ሰማዩ

ደህናው ጊዜ ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ጁን አጋማሽ፣ ከዚያም ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ኦክቶበር ነው። በኤፕሪልና በሜይ የኩሬው ውሃ ገና ብርዳም ነው። ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ባሉት ወራት የሞንሱን ዝናብ ከሰዓት በኋላ ድንገት ይወርዳል። ጉዞ ጨርሶ አይቆምም፤ ማልዶ ተጀምሮ ዳመናው ሳይከመር መውጣት ግን የግድ ይሆናል።

ደራሽ ጎርፍን እዚህ አገር ልዩ የሚያደርገው መሬቱ ነው። ገላጣው ድንጋይ ውሃ አይጠጣም። የወረደው ዝናብ ተጠራቅሞ በየቦዩ ይንደረደርና ወደ ስንጥቁ ይገባል፣ ሰፊ ሜዳ ላይ ቁርጭምጭሚት የማያርሰው ውሃም አንድ ሜትር ስፋት ውስጥ ሲታጨቅ ከሰው ቁመት በላይ ይሆናል። እርስዎ ያሉበት ቦታ ጠብታ ላያርፍበት ይችላል። ኦገስት 12 ቀን 1997 እ.ኤ.አ. በፔጅ ከተማ አጠገብ በታችኛው አንቴሎፕ ካንየን 11 ጎብኚዎች የሞቱት ገደሉ ላይ ብዙም ሳይዘንብ፣ ከላይ በኩል ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በጣለ ዝናብ ነው። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 ደግሞ ዛየን ውስጥ ኪሆል በሚባለው አጭር ገደል 7 ሰዎች በደራሽ ጎርፍ አልቀዋል። «አጭር ነው፣ ቶሎ እንወጣለን» የሚለው ሒሳብ ጎርፍ ፊት አይሠራም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ለአካባቢው ፓርኮች የደራሽ ጎርፍ ትንበያ በአራት ደረጃ ያወጣል፦ አይጠበቅም፣ ሊከሰት ይችላል፣ የመከሰት ዕድሉ ሰፊ ነው፣ ይጠበቃል። ከዋዜማው ጀምረው ይመልከቱት። ሲመለከቱ ያደሩበትን ከተማ ትንበያ ሳይሆን ከገደሉ በላይ ያለውን፣ ውሃው የሚሰበሰብበትን ደጋ ይፈልጉ። ውሳኔው የጋይዱ ነው፤ እርስዎ የሚያዩት ጠዋት «ሌላ ቦታ እንሄዳለን» ወይም «ዛሬ ቀርቷል» ሲልዎት ላለመከራከር ነው። ቦታ ሲይዙም በአየር ጠባይ ምክንያት ቢሰረዝ ገንዘቡ እንደሚመለስ ወይም ቀኑ እንደሚቀየር በጽሑፍ ያግኙ። ገንዘቤ ቀረ ብሎ የሚጨነቅ ደንበኛ ጋይዱን ወዳልሆነ ውሳኔ ሊገፋው ይችላል።

3. ስልኩን አንስተው እውነቱን ይንገሩ

ቁመትዎንና ክብደትዎን ሳይቀንሱ ይናገሩ። ክብደት የሚጠየቀው ለሃርነሱ ልክ ብቻ አይደለም። ጋይዱ በመውረጃ መሣሪያው ላይ ገመዱን ስንት ጊዜ እንደሚያጠማዝዝ፣ ማለትም ምን ያህል ፍሬን እንደሚሰጥዎት የሚወስነው በክብደትዎ ነው። 95 ኪሎ የሆነ ሰው «80» ካለ ገመዱ ከሚገባው በላይ ይፈጥንበታል፣ እጁ ይቃጠላል። 48 ኪሎ የሆነች ሴት ስልሳ ካለች ደግሞ ገመዱ አልላወስ ብሎ ግድግዳ መካከል ትንጠለጠላለች።

ከዚያ የጤናው ነገር ይመጣል። ከዚህ በፊት ወልቆ የሚያውቅ ትከሻ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ገደል ውስጥ ክንድን ዘርግቶ መግፋት ያንኑ ቦታ ያስጨንቃል። የጉልበት ቀዶ ሕክምና፣ አስም፣ የልብ ወይም የደም ግፊት መድኃኒት፣ ሽንት የሚያበዛ ክኒን፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ የንብ አለርጂ፣ እርግዝና ካለ ሳይደብቁ ይናገሩ። ኢንሄለርና የአለርጂ መርፌ መኪና ውስጥ አይቀሩም፤ ውሃ በማያስገባ ከረጢት አብረውዎት ይገባሉ። የከፍታና የጠባብ ቦታ ፍርሃትም ይነገራል። ብዙ ጋይድ ፈሪን ደንበኛ አይጠላም፤ የሚቸገረው ፍርሃቱን ሦስተኛው መውረጃ ጫፍ ላይ፣ ገመዱ ተስቦ መመለሻ ከጠፋ በኋላ በሚናገረው ነው። ገመድ ከተሳበ ወደኋላ መንገድ የለም። ዋና የማይችሉ ከሆነም ይናገሩ፣ ደረቅ ገደል ይመረጥልዎታል።

በእርስዎ በኩል የሚጠየቀው ደግሞ አጭር ነው። አንድ ጋይድ ስንት ሰው ይይዛል? የምድረ በዳ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠናው ምንድን ነው? (በዚህ ሥራ የሚታወቀው 70 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ የሚወስደው ሥልጠና ነው።) ስልክ በማይሠራበት ቦታ በሳተላይት የሚልክ መሣሪያ ይይዛል? ከሚሰጡት ዕቃ ውስጥ ምን ምን አለ? ዌትሱት (ውሃ ውስጥ ሙቀት የሚይዝ ጥብቅ ልብስ) እና ቦርሳ አንዳንዱ ጋ አለ፣ አንዳንዱ ጋ የለም።

4. ጫማ

ለዚህ ቀን አንድ ነገር ብቻ ይገዙ ቢባል ጫማ ነው። ሶሉ ለስላሳና የሚጣበቅ ጎማ መሆን አለበት፤ የዓለት ወጪዎች ወደ ገደሉ ለመሄጃ የሚለብሱት አፕሮች ሹ የሚባለው ዓይነት ጥሩ ነው። ጠንካራ ሶል ያለው የተራራ ቦት እርጥብ ድንጋይ ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ውሃ አያስገባም ተብሎ የሚሸጠው ጫማ ደግሞ እዚህ ዋጋ የለውም፤ ውሃው በአፉ ይገባና መውጫ አጥቶ ቀኑን ሙሉ ሁለት ባልዲ ይዞ እንደሚሄድ ሰው ያደርግዎታል። ሳንዳል አይሆንም፤ ጣት ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል።

ሲለኩ ጉዞው ላይ በሚያደርጉት ካልሲ ይለኩ። ቁልቁል በሚያዘነብል ነገር ላይ ቆመው ወደፊት ይጫኑ፤ ትልቁ ጣትዎ ጫፉን ከነካ ቁጥሩ አንሷል። ከዚያ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያድርጉት፣ አንድ ቀንም አውቀው በውሃ አርሰው አንድ ሰዓት ይራመዱበት። ደረቅ እያለ ያልነካዎት ስፌት እርጥብና አሸዋማ ሲሆን ተረከዝ ይልጣል፤ ይህን ቤትዎ ሆነው ቢያውቁት ይሻላል። ካልሲው ሱፍ ወይም ኒዮፕሪን (ዌትሱት የሚሠራበት ላስቲክ መሰል ጨርቅ) ይሁን። የእግር ጥፍርዎን ከጉዞው ሁለት ሦስት ቀን ቀድመው ይቁረጡ፤ በዋዜማው የተቆረጠ ጥፍር ቁልቁለት ላይ ያማል።

5. ልብስና ጓንት

የአሸዋ ድንጋይ ማለት ብርጭቆ ወረቀት ነው። አዲስ ሱሪ ይዘው ከገቡ መቀመጫው ተበልቶ ይወጣል፤ ስለዚህ ቢቀደድ የማያሳዝንዎት ይሁን፣ ግን ወፍራም ናይለን ወይም ፖሊስተር። ጥጥ አይልበሱ። ጂንስ ከረጠበ በኋላ ከባድ ነው፣ አይደርቅም፣ ሙቀትንም ይሰርቃል። እጅጌው ረጅም፣ ሱሪው ረጅም፣ ግን የማይንዠረገግ ይሁን። የጉልበትና የክርን መከላከያ ካለ ያድርጉ፤ ጠባብ ገደል ከሆነ የግድ ነው ብለን እንመክራለን።

ውጭው 35 ዲግሪ ሆኖ ፀሐይ የማይደርስበት ኩሬ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ሰው በረሃ ነው ብሎ ዌትሱቱን መኪና ውስጥ ትቶ ይገባል፣ ሁለተኛው ኩሬ ላይ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ጋይዱ ዌትሱት ካለ ይልበሱ። ጥብቅ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ በአንገትና በወገብ ውሃ የሚገባበት ሰፊ ዌትሱት ከሸክም አይለይም። ረጅሙን ደረቅ መንገድ ግን ለብሰውት አይሂዱ፣ በላብ ያልቃሉ።

ጓንት የቆዳ መዳፍ ያለው የሥራ ጓንት ይበቃል፣ ግን ጣትዎ ላይ ልክ ይሁን። ቀለበት፣ አምባርና ጉትቻ ሆቴል ይቅሩ፤ ቀለበት ድንጋይ ላይ ተይዞ የሰውነት ክብደት ሲጎትተው ጣት ይዞ ሊሄድ ይችላል። ረጅም ፀጉር ተጠቅልሎ ሄልሜት ሥር ይገባል። የተለቀቀ ሹሩባ፣ የአንገት ልብስ ጫፍ፣ የጃኬት ገመድ የመሳሰለው ሁሉ መውረጃ መሣሪያው ውስጥ ይገባል፣ ከገባ ደግሞ ክብደትዎ እያጠበቀው ስለሚሄድ በራስዎ አይወጣም።

6. ውሃ፣ ጨውና ምግብ

ለአንድ ሰው ከ3 እስከ 4 ሊትር፣ በሙቀቱ ወራት 4 ብለው ይያዙ። ግማሹን በጠንካራ ጠርሙስ ያድርጉት፤ በቱቦ የሚጠጣው የፕላስቲክ ከረጢት ቦርሳ በድንጋይ መካከል ሲጎተት ይቀደዳል፣ አፉም አሸዋ ይነክሳል። ገደል ውስጥ ጥላ ስላለ ጥም አይሰማዎትም፤ ላብ ግን አልቆመም። በየ20 ደቂቃው ጥቂት ይጎንጩ። ንጹሕ ውሃ ብቻ ያለ ጨው በብዛት መጠጣት የራሱ አደጋ አለው፤ የደም ጨው ሲቀጥን ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ግራ መጋባት ይመጣል። ከውሃው አንዱን ጠርሙስ በጨውና ስኳር ዱቄት ይበጥብጡት፣ የሚበሉትም ጨዋማ ነገር ይኑረው።

ምግቡ በእርጥብ እጅ በአንድ ደቂቃ የሚዋጥ ይሁን፦ ለውዝ፣ ቴምር፣ የተጠቀለለ ዳቦ። ቸኮሌት አቀበት ላይ ይቀልጣል፣ ኩሬ ውስጥ ይጠነክራል።

7. ቦርሳው

ከ20 እስከ 25 ሊትር የሚይዝ፣ ውጪው ኪስና ተንጠልጣይ ማሰሪያ ያልበዛበት ቦርሳ ይበቃል። ከውሃው ጋር 7 ኪሎ አካባቢ እንዲሆን ይሞክሩ። ውስጡ ውሃ የማያስገባ ከረጢት ይግባ፤ በሱ ውስጥ ደረቅ ቀጭን ሹራብ፣ የፊት መብራት፣ መድኃኒት፣ መታወቂያ። ምግብና ውሃ ከላይ። ስልክ በክር ይታሰር፤ ስንጥቅ ውስጥ የወደቀ ስልክ አይወጣም።

ስለ መጸዳጃም እንነጋገር፣ ሰው እየፈራ ስለማይጠይቅ ነው። ጠባብ ገደል ውስጥ የሚቀበርበት አፈር የለም፣ የተተወው ነገርም ጎርፍ እስኪመጣ እዚያው ነው። ውስጡ ሽንትን የሚያረጋ ዱቄት ያለበት የሚታሸግ ከረጢት አለ። አንድ ይያዙ። ከመነሳትዎ በፊት መጸዳጃ ቤት መግባት ደግሞ ከሁሉ ይሻላል፤ ሃርነስና ዌትሱት ከታጠቁ በኋላ ነገሩ ረጅም ሥራ ነው።

8. ከአራት ሳምንት በፊት ጉልበት

ካንየኒሪንግ ሩጫ አይደለም። የሚደክመው ጭን፣ ትከሻና የሆድ ጡንቻ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ከጉልበት ከፍታ ካለው ነገር ላይ በአንድ እግር በዝግታ መውረድ (በእያንዳንዱ እግር 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር)፣ ጀርባን ግድግዳ አስደግፎ እንደተቀመጡ ሆኖ 45 ሰከንድ መቆየት፣ በወንበር ጠርዝ ላይ በክንድ ራስን ዝቅ ከፍ ማድረግ። የመጨረሻው ሁለት ድንጋይ መካከል በእጅ ተደግፎ ለመውረድ የሚያስፈልገውን እንቅስቃሴ በቀጥታ ያለማምዳል። ደረጃ ካለ ቦርሳውን ጭነው ይውረዱ፤ መውጣቱ ሳንባን ይፈትናል፣ እዚህ የሚፈለገው ግን መውረዱ ነው።

9. የገመዱ መውረጃ

ጠዋት ጋይዱ ያሳይዎታል፤ ቀድመው በጭንቅላትዎ ካለ ግን ጆሮዎ ይከፈታል። የሃርነሱ ወገብ ከዳሌ አጥንት በላይ ይቀመጣል። ተጠብቆ ሲያልቅ መዳፍ በጠፍጣፋው መግባት፣ ጡጫ ሆኖ አለመውጣት አለበት። ሳይጠሩ ወደ ጫፉ አይጠጉ። ሲጠሩ ጋይዱ በአጭር ማሰሪያ ያስርዎታል፣ ገመዱን በመሣሪያው ያስገባል፣ የካራቢነሩን (ገመድና ሃርነስ የሚያያይዘውን የብረት ቀለበት) ቁልፍ ያዞራል። ክብደትዎን በገመዱ ላይ ጥለው መያዙን ሳያዩ አጭሩ ማሰሪያ አይፈታም፤ ቸኩለው ራስዎ አይፍቱ።

አሁን አንዱ እጅ ፍሬን ነው። ገመዱን ከዳሌ በታች ይይዛል፣ መሬት እስኪነኩ አይለቅም። ሌላው እጅ ለሚዛን ብቻ ነው። የጀማሪ ሁሉ ስህተት ከላይ ያለውን ገመድ በዚያ እጅ እስኪነጣ መጨበጥ ነው፤ ክንድ ይደክማል፣ ፍጥነቱን ግን አይቀንስም።

ከጫፉ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት እርምጃዎች ከሁሉ ይከብዳሉ፣ ምክንያቱም አካል ቆሞ መቅረት ይፈልጋል። ቀጥ ብለው ከቆሙ ጫማው ግድግዳውን አይጫንም፣ ይንሸራተታል፣ ጉልበትና ፊት ድንጋዩን ይመታል። መቀመጫዎን ወደኋላ ይጣሉ፤ እግር ከትከሻ ስፋት ትንሽ ሰፋ ብሎ፣ ጉልበት ላላ ብሎ፣ ሙሉ የጫማ ሶል ግድግዳው ላይ። በፍሬን እጅዎ ብብት በኩል ቁልቁል ይመልከቱ። በዝግታ ይራመዱ። በፊልም እንደሚታየው መዝለል ገመዱን በጫፉ ድንጋይ ላይ ያፋጫል፣ የታሰረበትንም ይጎትታል።

ሥር ላይ የሚቆም ሰው ብዙ ጊዜ የገመዱን ጫፍ ይይዛል፤ እርስዎ ቢለቁ እንኳ እሱ ከጎተተው ይቆማሉ። ተራዎ ደርሶ እርስዎ ከያዙት ዓይንዎ ከወራጁ አይነሳ፣ ስልክም አያውጡ። የፉጨትና የቃል ምልክቶች ከጋይድ ጋይድ ይለያያሉና የዕለቱን በቃልዎ ይድገሙ። መሬት የወደቀ ገመድ አይረገጥም፤ አሸዋው ውስጡ ገብቶ ክሩን ይበላል።

ኩሬ ሲያዩ አይዝለሉ። ጎርፍ ባለፈ ቁጥር አሸዋና ድንጋይ ይለዋወጣል፤ ባለፈው ሳምንት ሁለት ሜትር የነበረው ዛሬ ጉልበት ላይሞላ ይችላል። ተቀምጠው፣ ጓደኛ እግርዎን ይዞ፣ ተንሸራተው ይግቡ። የቆመው ውሃ ድንገት ከደፈረሰ፣ እንጨትና ቅጠል ተንሳፍፎ ከመጣ፣ ንፋስ የመሰለ ጉምጉምታ ከተሰማ፣ ቦርሳ ሳያነሱ ጋይዱ ወዳሳየው ከፍ ያለ ቦታ ይውጡ።

10. ዋዜማውና ጠዋቱ

በዚህ አካባቢ ሰዓት ራሱ ወጥመድ ነው። ዩታ በሙቀቱ ወራት ሰዓቱን ወደፊት ያሻግራል፣ አሪዞና አያሻግርም፤ የናቫሆ ግዛት ደግሞ አሪዞና ውስጥ ሆኖ ያሻግራል። ስለዚህ ከማርች እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ድረስ ዩታ ውስጥ ባለችው ካናብ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን አሪዞና ውስጥ ባለችው ፔጅ ከሌሊቱ 12 ሰዓት ነው። ስልክዎ የየትኛውን የስልክ ማማ ምልክት እንደያዘ አይታወቅም። ቀጠሮውን ሲይዙ «በየትኛው ከተማ ሰዓት?» ብለው ይጠይቁ፣ ማንቂያውንም በእጅ ይሙሉ።

ማታ በደንብ ይብሉ፣ አልኮል ይቅር። የፀሐይ መከላከያ ቅባቱን ከመነሳትዎ በፊት ተቀብተው እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ቅባታም መዳፍ ገመድ አይይዝም። መኪና ውስጥ የሚቀር፦ ደረቅ ልብስ እስከ ካልሲው፣ ፎጣ፣ 2 ሊትር ትርፍ ውሃ፣ ላስቲክ ለእርጥቡ ዕቃ። ቤት ለቀረ ሰው የድርጅቱን ስም፣ የገደሉን ስም፣ የመመለሻ ሰዓቱን ይላኩ።

ወደ ገደሉ ሲሄዱ መሬቱ ላይ ጥቁርና ሻካራ ቅርፊት ያያሉ። እሱ ሕይወት ያለው አፈር ነው፤ አንዴ ከተረገጠ ለማገገም ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ጋይዱ በድንጋይ ወይም በደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ዞሮ ሲሄድ አቋራጭ አይፈልጉ፣ ዱካውን ይከተሉ።

ሲጨርሱ ለጋይዱ ከዋጋው ከ15 እስከ 20 በመቶ ጉርሻ መስጠት የአገሩ ልማድ ነው፤ ጥሬ ገንዘብ ደረቁ ከረጢት ውስጥ ይያዙ። ጫማውን ማታውኑ በንጹሕ ውሃ አጥበው፣ የውስጥ ሶሉን አውጥተው ጥላ ላይ ያድርቁት። ፀሐይ ላይ ወይም መኪና ውስጥ ከተዉት ሙጫው ይላቀቅና በሚቀጥለው ጉዞ ሶሉ ገደል መካከል ይገነጠላል።